«አያቴ አርበኛ ነበሩ» — ከዚያስ?

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ሲደርስ ፌስቡክ በአያቶች ይሞላል። ጠርዙ የተቀዳደደ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ጎፈሬ፣ ካባ፣ ደረት ላይ የተደረደረ ሜዳሊያ፤ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «አያቴ አርበኛ ነበሩ።» ከዚያ ባንዲራ፣ ከዚያ ልብ፣ ከዚያ «ክብር ለጀግኖች አባቶቻችን» የሚል አስተያየት ተደርድሮ ይወርዳል። የካቲት 12 ላይም እንደዚያው ነው። የካቲት 23 ሲመጣ ደግሞ ተራው የቅድመ አያቶች ይሆናል።

ይህን ያነሳሁት ለመሳቅ አይደለም። እንደ አንድ የጽሑፍ ዘውግ ላነበው ፈልጌ ነው። ብዙዎቻችን ስለ ጦርነት በሕይወታችን የምንጽፈው ብቸኛ ጽሑፍ ይኸው ስለሆነ፣ ትንሽ ሂስ ቢደርሰው አይከፋም።

ዘውጉ ደንብ አለው። አጭር ነው፤ ስሜቱ ከፍ ያለ ነው፤ ዝርዝር አይወድም። ሰውዬው በየትኛው ግንባር ተዋጉ? በማን ሥር? ስንቃቸውን ማን ተሸከመ? ጦሩ ሲፈታ ወዴት ሄዱ? ቤታቸው ሲመለሱ ማንን አጥተው አገኙ? ዓረፍተ ነገሩ ይህን አይመልስም። አርበኛ ነበሩ፤ አለቀ። ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። «አርበኛ» የምትለው ቃል ሰውዬውን የምንፈልግባት መነሻ መሆን ሲገባት፣ ፍለጋውን የምታስቆም መድረሻ ሆናለች። ቃሏን ለጥፈን ስንጨርስ አያታችንን ያወቅናቸው ይመስለናል።

ይህን በተሻለ መንገድ የሠሩ መጻሕፍት አሉ። ወደ እነሱ ከመሄዴ በፊት ግን የራሳችንን አሮጌ መዝገብ ላንሳ።

ፉከራ እንደ ሰነድ

«የኛ አገር ወታደር መዝገብ የለውም» ይባላል። ብዙ እውነት አለው። በ1928 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ከዘመተው ሰው አብዛኛው የመለያ ቁጥርም የምልመላ ቅጽም አልነበረውም። የተከተለው ጌታውን ነው። ስንቁን የያዘው ከቤቱ ነው። ጠመንጃውም ብዙ ጊዜ የራሱ ወይ የአባቱ ነበረ። በዘመናዊ መልክ የሠለጠኑት፣ እንደ ክብር ዘበኛ ያሉት፣ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አንድ የሚላኖ ልጅ የአያቱን ስምና የትውልድ ቦታ ይዞ መዝገብ ቤት ገብቶ የአገልግሎት ወረቀቱን እንደሚጠይቀው እኛ መጠየቅ አንችልም። ወራሪው ተመዝግቧል፤ የተወረረው በአብዛኛው አልተመዘገበም።

ግን ወረቀት የለም ማለት ዱካ የለም ማለት አይደለም። ፉከራ አለ። ዛሬ ሠርግ ላይ ለሞቅታ ስለሚባል ጩኸት ብቻ ይመስለናል እንጂ፣ በዘመኑ ፋካሪው የማን ልጅ፣ የማን አሽከር እንደሆነ፣ የት እንደዋለ፣ ምን እንደያዘ የሚናገርበት መድረክ ነበረ። የፈረስ ስም አለ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እንደተባሉ፣ በየሰፈሩም በፈረስ ስሙ የሚታወቅ ሰው ነበረ። የጠመንጃ ስምም አለ። አያታችሁ «ውጅግራ ነበረው» ካሉ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ውጅግራ ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» የመጣ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የፈረንሳይ ጠመንጃ ስም ነው። ይህን ይዞ በ1928 አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ፊት የቆመ ሰው ምን ዓይነት ጦርነት እንደተዋጋ ቃሉ ብቻውን ይነግራችኋል።

የፉከራ ድክመትም ግልጽ ነው። የሚነገረው በጌታና በሕዝብ ፊት ነው፤ ሽልማትና ስም አለበት። የገደለውን ይቆጥራል፣ የሸሸበትን አይቆጥርም። በጋዝ ስለተላጠ እግር ፉከራ የለም። እኛ ታዲያ ከፉከራው የወረስነው የቱን ነው? ድምፁን። የማን ጦር፣ የት፣ በምን የሚለውን ጥለነዋል። ፉከራው ቢያንስ አድራሻ ነበረው፤ ፖስታችን አድራሻ የሌለው ፉከራ ነው።

«የማን ጦር?» የሚለውን ጥያቄ ቀላል አታድርጉት። በ1928 ግንባሩን የሚነግራችሁ እሱ ነው። አያታችሁ ከጎጃም ራስ እምሩን ተከትለው ከሆነ የዋሉት ሽሬ ነው። ከራስ ካሳ ወይ ከራስ ሥዩም ጋር ከሆነ ተምቤን፣ ከራስ ሙሉጌታ ጋር ከሆነ አምባ አራዶም፣ ከንጉሡ ጋር ከሆነ መጋቢት 22 ማይጨው። ከደጃዝማች ነሲቡ ጋር የነበረ ሰው ኦጋዴን ነበረ፤ ማይጨውን አላየም። በቤተሰብ ወግ ግን ሁሉም ሰው ማይጨው ነው የነበረው።

ዕድሜንም እንዲሁ። የልደት ወረቀት ባይኖርም «በኅዳር በሽታ ተወለዱ» የሚባል ሰው የ1911 ልጅ ነው፤ ማይጨው ላይ 17 ዓመቱ ነው። «ዓድዋም ማይጨውም ዘምተዋል» ከተባለ በመካከሉ 40 ዓመት አለ። የማይሆን ነገር አይደለም፤ ራስ ሙሉጌታ ራሳቸው በዓድዋ የነበሩ ሰው ናቸው። ግን መቁጠር ያስፈልጋል። አንዳንዴ ቁጥሩ የሚነግረን ሁለት ሰው፣ አባትና ልጅ፣ በአፍ ወግ አንድ ሰው ሆነው እንደቀሩ ነው።

ምንም የተባለው ንጉሥ

የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» (የጥላው ንጉሥ) እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ፤ በዓመቱ ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ እጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ሂሩት የምትባል ወላጅ አልባ የቤት ሠራተኛ፣ ጌታዋ ኪዳኔ፣ የኪዳኔ ሚስት አስቴር፤ ጦርነት መጣ፤ ሂሩት ከአባቷ የወረሰችውን ውጅግራ ኪዳኔ ለጦሩ ወሰደባት። ልቦለዱ የሚነሳው ከዚህ ነጠቃ ነው። መጀመሪያ ጠመንጃዋን የወሰደባት ጣሊያን አይደለም።

በመጽሐፉ መጨረሻ ደራሲዋ የምትነግረን የቤተሰብ ታሪክ አለ። ቅድመ አያቷ የአባታቸውን ጠመንጃ ለማግኘት ተሟግተው፣ አስፈርደው፣ ዘምተዋል። መዓዛ ይህን የሰማችው ከእናቷ ነው፤ የሰማችውም ስለ ሴት ወታደሮች መጻፍ ከጀመረች በኋላ ነው። ታሪኩ ዕድሜ ልኳን በቤት ውስጥ ነበረ። ግን የጠየቀ አልነበረም። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ይኼ ይመስለኛል፦ የቤተሰብ ማኅደር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው።

የልቦለዱ ትልቁ ድፍረት ኪዳኔ ነው። ኪዳኔ አርበኛ ነው፤ ይዋጋል፣ ይቆስላል፣ አገሩን ይወዳል። ኪዳኔ ሂሩትን ደፍሯታል። መጽሐፉ አንዱን በሌላው አይሰርዘውም። የልጅ ልጆቹ ቢኖሩ የኪዳኔን ፎቶ ሚያዝያ 27 ላይ ይለጥፉታል፤ የለጠፉትም ውሸት አይሆንም። የሂሩት የልጅ ልጆች ደግሞ ያንኑ ፎቶ አይተው ስልካቸውን ይዘጉታል።

ሌላው «ምንም» የሚባለው ገበሬ ነው። ንጉሡ አገር ለቀው ሲሄዱ፣ መልኩ እሳቸውን ስለሚመስል ልብሳቸውን የመሰለ ልብስ ተደርጎለት፣ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ ከሩቅ ለሕዝብ ይታያል። ሕዝቡ ንጉሡ አሉ ብሎ ይበረታል። ስሙን በአማርኛ ጆሮ ስንሰማው ይከብዳል፤ ምንም የሆነ ሰው ሁሉም ነገር ሆኖ ይቆማል። እኛም አያቶቻችንን እንዲሁ አይደል የምናደርጋቸው? ልብስ እናለብሳቸዋለን፣ ፈረስ ላይ እናወጣቸዋለን፣ ከሩቅ እናሳያቸዋለን። ልዩነቱ ምንም የለበሰው የሰው ልብስ መሆኑን ማወቁ ነው።

በመጽሐፉ ላይ ቅሬታም አለኝ። ቋንቋው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ከፍታ ላይ ነው። ገረዷም፣ ንጉሡም፣ የጣሊያኑ ፎቶግራፍ አንሺ ኤቶሬም ሲያስቡ በአንድ የቅኔ ቃና ያስባሉ። ጦርነት ውስጥ ያለው መሰልቸት፣ ቅማል፣ ሐሜት፣ «መቼ ነው የምንበላው» የሚለው ወሬ በዚህ ዜማ ውስጥ ይሰምጣል። ሐውልት ለማፍረስ የተነሳ መጽሐፍ አንዳንድ ገጽ ላይ ሌላ ሐውልት ያቆማል፤ ቆንጆ ሐውልት ነው፣ ግን ሐውልት ነው።

በር ላይ የቆመው የልጅ ልጅ

ከወዲያኛው ወገን የፍራንቼስካ ሜላንድሪ «ሳንግዌ ጁስቶ» (ትክክለኛው ደም) አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በጣሊያንኛ የወጣ ልቦለድ። ሮም ውስጥ ኢላሪያ የምትባል መምህርት ቤቷ ስትመለስ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ደረጃው ላይ ተቀምጦ ታገኛለች። ወረቀቱን ያሳያታል። የእሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ሦስተኛው ደግሞ የኢላሪያ አባት ስም ነው። አባቷ በሕይወት አሉ፤ ግን አርጅተዋል፣ ማስታወስ ተስኗቸዋል። መጠየቅ ሲገባ አልተጠየቁም፤ አሁን ቢጠየቁ አይመልሱም።

ይህ ትዕይንት ለጣሊያን አንባቢ ድንገተኛ ነው። ለእኛ አንባቢ ግን ሌላ ነገር ይነካል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሦስተኛው ስማችን አያታችን ናቸው። በየመታወቂያችን፣ በየፓስፖርታችን ይዘናቸው እንዞራለን። ዱባይም ሆነ ዋሽንግተን፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ስማችን ሲጠራ የሚጠራው የእሳቸው ስም ነው። ብዙዎቻችን ከስሙ ሌላ ምንም አናውቅም። ሜላንድሪ የጣሊያን ቤተሰብን ዝምታ ልትተች ጽፋ፣ ሳታስበው የእኛንም ኪስ ፈትሻለች።

መጽሐፉ የሚጠይቀው «አባቴ እዚያ ምን ሠሩ?» ብሎ ነው። የእኛ ዘውግ የሚለው «አያቴ ምን ነበሩ» ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። «ምን ነበሩ» ማዕረግ ይመልሳል፤ «ምን ሠሩ» ግን ቀን፣ ቦታና ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ወረቀትና አፍ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት ዘረት ሩቅ አይደለም። በሚያዝያ 1931 በሰሜን ሸዋ አመጸኛ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞች፣ ከእነሱም ጋር የነበሩ ሴቶችና ሕፃናት፣ በመርዝ ጋዝና በጥይት አለቁ። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ የጦሩን ሰነድ ሮም ውስጥ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ዋሻው ድረስ ሄደ። አጥንቱ እዚያው ነበር። የአካባቢው ሰው ታሪኩን ረስቶት አያውቅም። የጣሊያን ጋዜጦች «ተገኘ» አሉ፤ ለማን ጠፍቶ እንደተገኘ አልጠየቁም። እኛም የራሳችንን ጥያቄ መጠየቅ አለብን፦ ከዚያ ዋሻ ሰው የጎደለበት ቤተሰብ የሚነግረውን ቀርቦ የቀዳ ስንት ሰው ነው?

ማፈግፈግን የጻፉ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን የማያውቅ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» የሚል የጦርነት ማስታወሻ እንዳላቸው ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1985 የወጣ ነው። ሐዲስ ወጣት መምህር ሳሉ ከራስ እምሩ ጋር ሽሬ ዘመቱ፤ ጦሩ ከተሸነፈ በኋላም አብረው ወደ ምዕራብ ሄዱ፤ በመጨረሻ ከራስ እምሩ ጋር ተይዘው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። በመጽሐፉ የምወደው የማፈግፈጉን ታሪክ እንደ ውርደት አለመዝለላቸውን ነው። አንድ ጦር እንዴት እንደሚፈታ፣ ሰው ከሰው እንዴት እንደሚለያይ፣ ትእዛዝ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚጠፋ ያየ ሰው ይናገራል። «አያቴ ዘምተው ነበር» ብቻ የቀረላችሁ ከሆነ፣ እሳቸው ያላወሩት ምን ዓይነት ነገር ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መጽሐፍ መገመት ትችላላችሁ።

የአይዳ እደማርያም «ዘ ዋይፍስ ቴል» (የሚስት ወግ፣ እ.ኤ.አ. 2018) ደግሞ ጦርነቱን በጎንደር ከአንዲት ሴት ቤት ውስጥ ያያል። ስለ ሴት አያቷ የጻፈችው ነው፤ የተሠራውም ቁጭ ብሎ፣ ለዓመታት፣ አያትን በማዳመጥ ነው። ጀብድ የለውም ማለት ይቻላል። ምግብ፣ ልደት፣ ሞት፣ እስር፣ አቤቱታ። አንድ ቀላል ነገር ግን ያስታውሰናል፦ ዘመኑ በየቦታው እኩል አልነበረም። «የአምስት ዓመት አርበኛ» ስንል ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ሁሉ ያለቀ ይመስለናል። ጎንደር ላይ ጣሊያን እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ነው። የጎንደር አያት ጦርነት ከአዲስ አበባ አያት ጦርነት ይረዝማል።

ያ ሌላው ቃል

«አርበኛ» የሚለው ቃል የሚቆመው አጠገቡ ሌላ ቃል ስላለ ነው፤ ባንዳ። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ ትርጉሙ ቡድን፣ ጭፍራ ማለት ነበር፤ ጣሊያን ከአገሬው ሰው የመለመለው መደበኛ ያልሆነ ጦር ይጠራበት ነበር። ዛሬ ግን የወታደር ዓይነት ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኗል። ያውም የዘር ሐረግ የሚከተል ስድብ፤ «የባንዳ ልጅ» ይባላል፣ «የባንዳ የልጅ ልጅ»ም ይባላል።

ታዲያ በየፖስቱ ሁላችንም የአርበኛ የልጅ ልጆች ከሆንን፣ ባንዳዎቹ ልጅ አልወለዱም እንዴ?

የዘመኑን አማርኛ ስሙ፦ ዘመተ፣ ገባ፣ ሸፈተ። አንድ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስቱንም ሊሆን ይችል ነበር። በ1928 ዘምቶ፣ በ1929 ልጆቹ ሲራቡ ወይ መንደሩ ሲቃጠል ለጣሊያን ገብቶ፣ ኋላ የሰጡትን ጠመንጃ ይዞ ጫካ የወጣ ሰው ነበረ። ጣሊያን ቢሮ እየሠራ መረጃና ጥይት ወደ ጫካ ያሻገረ የውስጥ አርበኛ ነበረ። ከነጻነት በኋላ የውስጥ አርበኛ ነበርኩ ያለ፣ ግን ያልነበረም ነበረ። ከ1933 በኋላ ለጣሊያን ያደሩ አንዳንዶች ሹመት ሲያገኙ፣ ጎጃምን ያላስደፈሩት በላይ ዘለቀ በ1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። ይህን ሁሉ በሁለት ቃል መክፈል አይቻልም። የኤርትራ አስካሪዎችም አሉ፤ ለጣሊያን ሊቢያ ድረስ የዘመቱ፣ በ1928 ደግሞ ትግራይ ላይ ከወገኖቻቸው ጋር የተታኮሱ፣ ከመካከላቸውም ከድተው ወደ ኢትዮጵያ ወገን የተሻገሩ። የእነሱም የልጅ ልጆች ዛሬ ፎቶ ይዘው እየፈለጉ ነው፤ ከፎቶው ሥር ምን ብለው ይጻፉ?

ቁጥር የዋጣቸው

ወረቀት ብቻውን እንደማይበቃ ለማየት ኮርያን ተመልከቱ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በ1943 ፑሳን ደረሰ፤ ስሙ ከራስ መኰንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው፣ የተወሰደ ነው። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ስለተዋጉ የጦሩ ዘገባ፣ ፎቶና ፊልም አለ። የአያትን ውሎ በቀን በቀን መከተል የሚቻልበት ብርቅ ዕድል ነው። እኛ ግን የምንደጋግመው አንዱን ነገር ነው፦ አንድም ሰው አልተማረከም። ትልቅ ነገር ነው፤ እውነትም ነው። ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ሺህ ጊዜ ብንሰማው ከ3,000 በላይ ከሆኑት ዘማቾች አንዱን አናውቅም። በረዶ ሲያይ ምን አለ? ከ120 በላይ ጓዶቹን ቀብሮ ሲመለስ ማን ተቀበለው? ከ1966 በኋላ ደግሞ ኮሚኒስት ተዋግቶ መምጣቱን የሚያወራበት ዘመን አልነበረም። በብዙ ቤት ዝምታው የመጣው ከመርሳት አይደለም፤ ዝም ማለት ይሻል ስለነበረ ነው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ብቻ ቢሆን ሂስ ባላስፈለገው። እኛም ጦርነት አይተናል። በየቤቱ ያልተመለሰ ልጅ አለ፤ ተመልሶም የማያወራ አለ። በየአስተያየት መስጫው «ባንዳ» የሚለው ቃል በየቀኑ ይወረወራል፤ የሚወረውረው ስለ 1928 ምንም ያላነበበ ልጅ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ የዚህኛው ጦርነት የልጅ ልጆች ፎቶ መለጠፋቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የሚኖራቸው ሁለት ቃል ብቻ ከሆነ፣ እነዚያን ሁለት ቃላት የምናወርሳቸው እኛ ነን።

ስለዚህ ፖስቱ ይቅር አልልም፤ ይርዘም ነው የምለው። የ1933ን ድል በአሥር ዓመት ዕድሜው ያየ ሰው ዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ነው፤ ያንን ምስክር የማግኘት ዕድላችን አልቋል ማለት ይቻላል። የቀሩት ልጆቻቸው ናቸው፤ እናቶቻችን፣ አጎቶቻችን፣ የሰፈር ሽማግሌዎች። ስልካችሁ መቅጃ አለው። «አርበኛ ነበሩ ወይ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ መልሱ «አዎ» ሆኖ ያልቃል። የማን ጦር ነበሩ? ጠመንጃው የማን ነበር፣ ኋላስ የት ገባ? ስንቅ ማን አዘጋጀ፣ ማን ተሸከመ? ጣሊያን እያለ ገበያ ማን ይሄድ ነበር? ሲመለሱ ማንን ሊያናግሩ አልፈለጉም? ከዚያ ፎቶውን ገልብጡት። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም፣ ቀን፣ ወይም የተጻፈ ስም ካለ፣ ከፊቱ ጋር ጀርባውንም ለጥፉት።